ሸማኔው ወፍና ሽመሎቹ

በድሮ ጊዜ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ውኃው ባዘነበለ ግራር ላይ አንድ ሸማኔ ወፍ ነበር። በዛፉ ላይ ካሉት ሁሉ እጀ ብልሁ እሱ ነበር። ለምለም ሣር በምንቃሩ ሰንጥቆ፣ እያጠላለፈና እየቋጠረ፣ በሩ ወደ ታች የሆነ ጎጆ ይሠራል። ሚስቱ እያንዳንዱን ቋጠሮ በምንቃሯ ስባ ትፈትሻለች። የላላ ካገኘች ታስፈታለች። የእሱን ግን አስፈትታ አታውቅም።

ጥቅምት ላይ ሽመሎች ከሩቅ መጡ።

«አገራችን ፖላንድ ይባላል» አሉ። «ሰዎቹ ግንድ ተክለው፣ ጫፉ ላይ የጋሪ ጎማ አጋድመው፣ ‹በሉ ጎጆ ሥሩበት› ይሉናል።»

«ጎጆው ስንት ክንድ ይሰፋል?» አለ ሸማኔው።

«ሦስት ክንድ!»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ጎጆው ጠበበው።

ሲነጋ ወደ ኤሊ ሄደ።

«እማማ ኤሊ፣ ልሄድ ነውና ይመርቁኝ።»

«እመርቅሃለሁ ልጄ። ለመሆኑ እዚያ የሣር ሽመና የሚፈልግ አለ?»

«አልጠየቅሁም።»

«እህሉስ በየትኛው ወር ያልቃል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ባይሆንልህስ፣ በምን ትመለሳለህ?»

ሸማኔው ተነሥቶ ሄደ። ለሚስቱም «እሳቸው ከዚህ ሐይቅ ርቀው አያውቁ፣ ስለ መንገድ ምን ያውቃሉ?» አላት።

ደላላው ቁራ መጣ። ለድለላው ጎጆውን ወሰደ። «ክንፍህ ለዚህ መንገድ አጭር ነው፤ ላባ ጨምር» አለው። ዘመድ ተጠራ። አጎት ሁለት ላባ፣ አክስት ሦስት ላባ አዋጡ። ታናሽ ወንድሙ የክንፉን ላባ ሁሉ ነቅሎ ሰጠና «ስትደርስ ትልክልኛለህ» ብሎ፣ መሬት ለመሬት እየዘለለ ወደ ቤቱ ገባ።

የካቲት ላይ ተነሡ። ሽመሎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃቱ አየር ላይ ተንሳፈፉ። ሸማኔው ያለ እረፍት እያርገበገበ ተከተላቸው። ሰፊው ባሕር ላይ የሚያንሳፍፍ አየር ስለሌለ በሲና በኩል ዞሩ። የተዋጣው ላባ ግማሹ በረሃው ላይ ረገፈ።

ፖላንድ እንደ ደረሰ ሸማኔው ጎማው ላይ ሣር ማጠላለፍ ጀመረ። አለቃው ሽመላ መጣ።

«አንተ ማን ነህ?»

«ሸማኔ ነኝ። ግራር ላይ ሃያ ጎጆ ሠርቻለሁ።»

«በዚህ አገር ግራር ላይ የሠራኸውን አሳየኝ።»

«በዚህ አገር ግራር የለም።»

«እንግዲያው ሸማኔ አይደለህም» አለና ጭራሮ እንዲጎትት አዘዘው። ሸማኔው ከቁመቱ የሚረዝም ጭራሮ ሲጎትት ዋለ። ሲመሽ ምንቃሩ ተሰንጥቆ ነበር።

ከአገር መልእክት መጣ፦ «ላባችንን።» ሸማኔው ከገላው እየነቀለ ላከ። ለአጎት ሁለት፣ ለአክስት ሦስት፣ ለወንድሙ ስምንት። የዛፉ ወፎች ይህን ሰምተው «እኛንስ ረሳኸን?» አሉ። ለእነሱም ላከ።

ነሐሴ ሲያልቅ ሽመሎቹ ላባቸውን ሲያበጥሩ አያቸው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ዝዋይ ነዋ! እዚህ በረዶ ሊወርድ ነው፤ የሚበላም አይገኝ።»

«አልነገራችሁኝም።»

«መቼ ጠየቅኸን? አንተ የጠየቅኸን የጎጆውን ስፋት ነው።»

ሸማኔው ደረቱን አየ፤ ክንፉን አየ። ከጎማው ሥር ተጠግቶ ተቀመጠ።

ጥቅምት ላይ የግራሩ ወጣቶች የተላከውን ላባ አናታቸው ላይ ሰክተው «ምን ያህል ቢደላው ነው ይህን ሁሉ የሚልከው!» ይባባሉ ነበር። ሽመሎቹ ሲያርፉ ሮጠው ከበቧቸው።

«ጎጆው ስንት ክንድ ይሰፋል?»

የሸማኔው ሚስት ግን ከተቀመጠችበት ባዶ ቅርንጫፍ አልተነሣችም። ድሮ ቋጠሮውን እንደምትፈትሽ፣ አንዱን ላባ በምንቃሯ ይዛ አገላበጠችው። ሥሩ ላይ ደም ደርቋል።

«ይህ የክንፍ ላባ አይደለም» አለች። «የደረቱ ነው።»