ከ10 7

የዘመኑ የፊልም ዳኛ ስልኩን የውሃ ጠርሙስ አስደግፎ፣ ፍጥነቱን አንድ ተኩል አድርጎ፣ እንጀራውን እየጠቀለለ ያያል። ወጡ ሳያልቅ ብይኑ ይወጣል፦ «ከ10 7።» ለምን 7? 9 ቢል «እስቲ አስረዳን» ይባላል፤ 4 ቢል ፊልሙን የወደደው ባልደረባ ቡና አይጋብዘውም። 7 ከማንም አያጣላም።

«ኦፐንሃይመር» ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የኛ ሰው ግን ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፦ «አሪፍ ነው፣ ወሬ በዛበት እንጂ። ቦምቡ ቶሎ ቢፈነዳ 8 እሰጠው ነበር።»

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ዳኞች በልዩ ሽልማትና በምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሸልመውታል። ምስኪኖች፣ 140 ደቂቃውን ሙሉ ቁጭ ብለው አይተው ነው! የኛው መሃል ላይ ስልክ ሊያወራ ወጣ፤ ሲመለስ «እንዴ፣ ሰውዬው እግሩን መቼ ነው ያጣው?» አለ። መልሱን ሳይጠብቅም «ታሪኩ አይያያዝም» ብሎ 6 ሰጠ።

በጥሞና ላሰበው ፊልሙን ማየቱ ራሱ ዳኝነትን ያዛባል። ያየ ሰው ለአንዷ ተዋናይት ያደላል፣ አንዱ ትዕይንት ሆዱን ያባባዋል፣ ይባስ ብሎም ሐሳቡን ይቀይራል። ያላየ ግን ከአድልዎ የጸዳ ነው። ዳኛችንም ይህን ተረድቶ መጀመሪያ በማስታወቂያው፣ ቀጥሎ በፖስተሩ ብቻ መፍረድ ጀመረ። ሰሞኑን ደግሞ ገና ገንዘብ እየተለመነለት ላለ፣ አንድም ቀን ካሜራ ላልተነሣለት ፊልም 7 ሰጥቷል። «ጥሩ ነው» አለ፤ «መጨረሻው ግን ቀድሞ ያስታውቃል።»