ከተራን አይቶ መመለስ

የአጎቴ ልጅ ከነባለቤቱ ከጀርመን የመጣው የ2008ን ጥምቀት ጎንደር ለማክበር ነበር። የአውሮፕላኑንም የማደሪያውንም ጉዳይ በኢንተርኔት ጨርሰው ስለነበር የኔ ድርሻ አብሬያቸው መሄድ ብቻ ሆነ። ታቦታቱን አጅበን ወደ ፋሲል መዋኛ ስንወርድ ባለቤቱ «ነገ ደግሞ ምን አለ?» አለችኝ። «ጥምቀት ነዋ!» አልኳት። ክው አለች። የመመለሻ በረራቸው በማግስቱ ማለዳ ነው።

ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ቁጥር ተከታዩ ጥምቀት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይገፋል። በየአራት ዓመቱ የሚመጣ፣ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። እነሱ ያነበቡት የጉዞ ገጽ ግን 19 ብሎ ዘግቶታል።

ወደ ማደሪያችን ተመለስን። የማደሪያው ባለቤት እትዬ ደብተራቸውን ገለጥ አድርገው፣ «እኔማ በጥምቀት ማለዳ የሚወጣ እንግዳ ምን ዓይነት ነው እያልኩ ስገረም ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

ያውቁ ነበር! ግን በምን ይንገሩን? የማደሪያውን የማስያዣ ገጽ የሚከፍተው አዲስ አበባ ያለው የእህታቸው ልጅ ነው። እሱ ስምና ቀን በስልክ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ወደኛ አቆጣጠር መልሰው ይጽፋሉ። ዕውቀቱ ጎንደር፣ የይለፍ ቃሉ አዲስ አበባ።

ያን ማታ በረራውን ልናዛውር ብንሞክር፣ ኢንተርኔት ቤት የአየር መንገዱ ገጽ ግማሽ ድረስ እየመጣ ይቆማል፤ ትኬት ቢሮው ለበዓል ተዘግቷል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በስልክ ተሳካልን፤ ቅጣት ከፍለው በረራው ተዛወረ። ክፍሉ ለሌላ ተይዞ ስለነበር የሚቀጥለውን ሌሊት እትዬ ሳሎን፣ ፍራሽ ላይ አደርን። ጥምቀቱን ግን አዩት፤ ውኃው ሲረጭ የአጎቴ ልጅ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። የኢንተርኔት ቪዛ በሰኔ 2009፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 መጡ፤ ሁለቱም ትልቅ እፎይታ ናቸው። የሚያንገበግበኝ ግን ሥልጠናውም ገንዘቡም ተጓዡ ጋ ማተኮሩ ነው። አልጋውን የምታነጥፈው፣ በዓሉን የምታውቀው ሴት ገጹን በራሷ ስልክ ከፍታ ለእንግዳዋ ሁለት መስመር መጻፍ ካልቻለች፣ ያማረ ድረ ገጽ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ የማስያዣ ሰሌዳ መሥራት ከባድ አይደለም፤ እትዬን ማስተማርም እንዲሁ።

በ2020 ጥምቀት እንደገና ጃንዋሪ 20 ይውላል። እስከዚያ የሚያስይዝ ሰው ካለ፣ ገጹን ከነካ በኋላ ለማደሪያው ባለቤት ራሱ ይደውል፤ ቀኑንም ጥር 11 ብሎ ይንገር።