ቀን ያጣ ልደት

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ያን ሁሉ የሚያዝያ ቀን ትታ በ27 ዱብ አደረገችኝ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ልደቴ ተራ ጠባቂ ነኝ።

ከሁሉ ፊት መድኃኔ ዓለም አለ፤ ለእሱስ ምን አፍ አለኝ። ቀጥሎ ጣሊያን፤ በ1928 አዲስ አበባን የረገጠው በዚችው ዕለት ነው። ጃንሆይ ደግሞ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ በእንጦጦ በኩል ገቡ። ከተማዋ እንደሆነ መጋቢት 28 ነጻ ወጥታለች። ወር ሙሉ የታገሡ ሰው አንድ ቀን ቢጨምሩልኝ ምን ነበረበት?

ደርግ መጣና የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዞረው። ጎሽ፣ ቀኔ ተለቀቀልኝ ስል «ሥራ ግቡ» ተባለ! በልደቴ ቢሮ ተጎልቼ ፋይል ሳገላብጥ ዋልኩ። የሚገርመው፣ ካድሬው ስሙን ጠርቶ የማይጠግበው ካርል ማርክስ የተወለደው በፈረንጅ ሜይ 5 ነው፤ ይኸው የዛሬው ሚያዝያ 27። የራሳቸውን ሰው ልደት እኮ ነው ከበዓል ያወረዱት! ናፖሊዮንም የሞተው በሜይ 5 ነው። የሰው ልደት አልበቃ ብሎ ሙት ዓመትም ተጨመረልኝ።

ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እኔም ወደ ተራዬ። 2016 ላይ ይባስ ብሎ ፋሲካ ተደረበበት። ዶሮው ተሠርቶ፣ በጉ ታርዶ፣ ቤት ሙሉ ሰው «እንኳን አደረሰዎ» ይለኛል። «ለየትኛው?» ብል «ምን ማለትዎ ነው አባባ?» ብለው ወደ ወጡ ዞሩ።

ደግሞ ሰፈሬ! ለአርበኞቹ ክብር አራት ኪሎ ሚያዝያ 27 አደባባይ ቆሜ፣ ፀሐይ አናቴን በስቶኝ መገናኛ ስደርስ፣ ረዳቱ «ሲ.ኤም.ሲ! ሲ.ኤም.ሲ!» እያለ ይጎትተኛል። ስሙ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ስም ነው። ጣሊያን የተባረረበትን ቀን አክብሬ ወደ ጣሊያን ስም ልግባ?

አሜሪካ ያለው ልጄ መፍትሔ አገኘሁ አለ። ወረቀት ሲያወጣልኝ «ጃንዋሪ 1» ብሎ ሞላው፤ ስንቱ ሐበሻ እዚያ እንዲህ ተብሎ ነው የተጻፈው። ዘንድሮ በታኅሣሥ 23 በሰው በኩል ኬክ አስላከልኝ፤ ባለ ክሬም፣ ስሜ የተጻፈበት። በገና ጾም! የልጅ ልጆቼ ስሜን ከፊደሉ ጀምረው ሲበሉት፣ እኔ ሻማውን እፍ ብዬ ሽሮዬን አቀረብኩ።