አንዲት ፍላሽ ትበቃናለች

በአገራችን የፖድካስት ሥራ ውስጥ ከማይክሮፎኑም ከአቅራቢውም ይልቅ ምስጋና የሚገባት፣ ነገር ግን በዝግጅቱ መዝጊያ ስሟ ተጠርቶ የማያውቅ አንዲት ባልደረባ አለች፤ ፍላሽ። ከቁልፍ ጋር ተንጠልጥላ ትውላለች፤ ከሳንቲምና ከሱፍ ፍሬ ጋር ኪስ ትጋራለች፤ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ትሰካለች፤ ከሰዓት ለጓደኛ ፊልም ታደርሳለች፤ ማታ ደግሞ የሦስት ወር ቃለ መጠይቅ ብቸኛ ማደሪያ ትሆናለች። ሁለተኛ ቅጂ ይኑር፣ ሃርድ ዲስክ ይገዛ፣ ፎልደሩ ይደራጅ እያሉ የሚነዘንዙ ሰዎች እየበዙ ስለመጡ፣ ይህ የአንዲት ፍላሽ ሥርዓታችን ምን ያህል የታሰበበት እንደሆነ ማስረዳት ተገቢ ነው። ጠላቶቹ እንደሚያወሩት በስንፍና የተገኘ አይደለም። ከፍተኛ ትጋት ይጠይቃል።

ነገሩን ባቲ ላይ ብናየው ይጠራል። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ሰኞ ሰኞ አፋሩን ከነግመሉ፣ ኦሮሞውንና አማራውን ከነእህሉና ከነከብቱ ታገናኛለች። ለድምፅ አዘጋጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፦ የደላላው ድርድር፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚያቀላቅል ነጋዴ፣ የጨው ንግዱን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌ፣ የወሎ መንዙማ። ያንን ሰኞ ማንም አይደግመውም፤ የሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ሰኞ ነው፣ ሽማግሌውም የሚቀጥለውን ዓመት ቃል አልገቡም። ታዲያ ቀረጻው እንዴት ይያዛል? መጀመሪያ ከሚሞሪ ካርዱ ወደ ላፕቶፕ ይገለበጣል፤ ካርዱም ለቀጣዩ ሥራ ወዲያው ፎርማት ይደረጋል። ቀጥሎ ላፕቶፑ ሞላሁ ሲል ፕሮጀክቱ ወደ ፍላሽ ይሄዳል፤ ከላፕቶፑም ይሰረዛል። አንድ ድምፅ በሦስት ዕቃ ላይ የመኖር ዕድል አግኝቶ ሳለ፣ በየደረጃው አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲቀር ማድረግ እንዲሁ የሚሳካ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ ተዘናግቶ ካርዱን ሳያጠፋ የሚተው ሰው ሳያስበው ሁለት ቅጂ ይኖረዋል።

የአሰያየም ጥበባችንም ሊዘለል አይገባም። በፍላሿ ውስጥ «ባቲ ፋይናል»፣ «ባቲ ፋይናል 2»፣ «ባቲ የመጨረሻ» እና «ባቲ የመጨረሻ እውነተኛው» ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ለአድማጭ የደረሰው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አራቱንም እስከ ዳር መስማት ግድ ይላል። ቀንና የክፍል ቁጥር መጻፍማ ነገሩን ማንም እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ከስሙ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ውስጡ ነው። ብዙዎቹ የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች በፕሮጀክት ፋይሉ ውስጥ ድምፁን ራሱን አያስቀምጡም፤ የቱ ድምፅ ከየት ተቆርጦ የት እንደተቀጠለና ድምፁ በየትኛው ፎልደር እንዳለ ብቻ ይመዘግባሉ። የሪፐርም የአዶቤ ኦዲሽንም ፕሮጀክት በጣም ትንሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኦዳሲቲም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሥሪት 3.0 እስኪወጣ ድረስ ሥራውን በአንዲት ትንሽ ፋይልና አጠገቧ ባለ የዳታ ፎልደር ከፍሎ ነበር የሚያስቀምጠው። የእኛ አዘጋጅ ትንሿን ፋይል ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ላፕቶፑን ያጸዳል። የሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ መያዙ አያስጠረጥረውም፤ እንዲያውም ያስደስተዋል። ሌላ ቀን ሲከፍተው ቁርጥራጮቹ ሁሉ በየቦታቸው ተሰልፈው ይጠብቁታል፤ የጎደለው ድምፁ ብቻ ነው። ሪፐርም ኦዲሽንም ድምፆቹን ሁሉ ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ የሚቀዳ ምርጫ አላቸው፤ የሚጠይቀው አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ለዚህ ጊዜ ያለው ማን ነው?

ታሪክ ግን በሥርዓታችን ላይ የተነሣ ይመስላል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ሸክላ ላይ ያስቀረጹት እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ ቀረጻ በኤሌክትሪክ ማይክሮፎን መሠራት ሳይጀምር ነው። ያ ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች እንደገና ታትሞ ተደምጧል። ያተረፈው የሸክላው ጥንካሬ አይደለም፤ ሸክላ ከእጅ ሲወድቅ ይሰበራል። ያተረፈው ተባዝቶ በብዙ ሰው እጅ መግባቱ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የራሱን ቴፖች እያጠፋ ሌላ ሲቀዳባቸው «ዶክተር ሁ» ከተባለው ድራማ ከ90 በላይ ክፍሎች ምስላቸው ጠፋ፤ የጠፉት ክፍሎች ድምፅ ግን ዛሬም አለ፤ ተመልካቾች ቤታቸው ተቀምጠው ከቴሌቪዥኑ በቴፕ ቀድተውት ነበርና። ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ1998 «ቶይ ስቶሪ 2»ን እየሠራ ሳለ አንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ ፋይሎቹን ጠረጋቸው፤ ባክአፕ አለን ብለው ሲሄዱ ባክአፑ ሲበላሽ ማንም አላየውም። ፊልሙን ያተረፈው ጋሊን ሱስማን የተባለችው ባለሙያ ከወሊድ በኋላ ቤቷ ሆና ለመሥራት የወሰደችው ቅጂ ነበር። ከሦስቱም የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፦ ድምፅን የሚያኖረው የዕቃው ውድነት ሳይሆን የቅጂው ብዛትና የማደሪያው መራራቅ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ይህንኑ በሦስት ቁጥር አሳጥሮታል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኛ ደግሞ አሻሽለነዋል፤ አንድ ቅጂ፣ በአንድ ዕቃ፣ እሱም የማን ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ እንደቀረ አይታወስም።

ለሥርዓቱ ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች የመጀመሪያው መከራከሪያቸው «ክፍሉ ተለቋል፤ ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይ አለ፤ ጥሬው ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ገበሬ ሁሉ ሞኝ ነው፤ በልቶ ከጠገበ በኋላ ለምን ዘር ያስቀምጣል? በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ የአንድ ሰዓት ኤምፒ3 58 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በስቴሪዮ የተቀዳው ጥሬ ግን 1 ጊጋባይት ያህል ይመዝናል። በመካከል የተጣለው ተመልሶ አይመጣም። ሙዚቃው ከንግግሩ ጋር አንዴ ከተዋሐደ እንደነበረው ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ከቃለ መጠይቁ ተቆርጦ የወጣው ደግሞ በተለቀቀው ክፍል ውስጥ ጭራሽ የለም። ነገ የኦሮምኛ ወይም የአፋርኛ ዝግጅት ቢታሰብ፣ ወይም እንግዳው «እንደዚያ አላልኩም» ቢሉ፣ የሚጠየቀው ጥሬው ነው። መድረኮቹስ ቢሆኑ? ማይስፔስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2003 እስከ 2015 የተጫነበት ሙዚቃ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር መጥፋቱን አምኗል። ጉግል ፖድካስት በ2024 ተዘግቷል፤ ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትንም ከነይዘቱ ሊያጠፋ እንደሚችል አስታውቋል። ሥራችንን በአደራ የሰጠናቸው እነዚህ ድርጅቶች አደራ ተቀብያለሁ ብለው አያውቁም።

ሁለተኛው ክርክር የገንዘብ ነው፤ ይህኛው እውነት አለው። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ሆኖም ቁጥሩን እንቁጠረው። በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ በሁለት ማይክ የሚቀዳ አዘጋጅ በዓመት 54 ጊጋባይት ገደማ ያከማቻል፤ ፍላክ በተባለው የድምፅ ፎርማት ቢጨመቅ ጥራቱ ሳይጓደል ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። የዓመቱ ድካም በሙሉ 64 ጊጋባይት በሚይዝ ዕቃ ይገባል ማለት ነው። ለአርማው ንድፍ፣ ለቲሸርቱ፣ ለክቡ መብራትና አድማጭ ለማያየው የስቱዲዮ መጋረጃ ገንዘብ የተገኘለት ዝግጅት፣ ድምፁ የሚያድርበት ሁለተኛ ዕቃ ላይ ሲደርስ በድንገት የኑሮ ውድነት ትዝ ይለዋል። ፍላሽ ደግሞ መረጃን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ለዓመታት ሳይሰካ ቢቀመጥ ቻርጁ እየሳሳ ይሄዳል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። ባቲ ደግሞ ቆላ ናት። ስለዚህ አንዱ ቅጂ በተለየ ዕቃ፣ ለምሳሌ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቢሆን፣ ሁለቱ በአንድ ዓይነት በሽታ አይሞቱም። ብቻዋን የምትቀመጥ ፍላሽ ግን የአዘጋጁን ተስፋ ብቻ ትይዛለች።

ሦስተኛው ክርክር «ክላውድ ይሉናል፤ ኢንተርኔቱ የታለ?» የሚለው ነው። ለዚህ ማንም መሳቅ አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፤ ለባቲ አዘጋጅ «ድራይቭ ላይ ጫነው» ብሎ መምከር በዚያ ወቅት ቀልድ ነበር። ኢንተርኔት ባለበትም ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለአሥራ አምስት ሰዓት ጥሬ እንኳ አይተርፍም። ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው ምንድን ነው? ኢንተርኔት ከሌለ አንድ ቅጂ ይበቃል ማለት ነው ወይስ በእጅ የሚያዝ ሌላ ቅጂ ግድ ይላል? የክሮግ ደንብ «ከቤት ውጭ» ይላል እንጂ «ሰማይ ላይ» አይልም። በወር አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላለ ዘመድ በሚኒባስ የሚላክ ሃርድ ዲስክ ደንቡን ያሟላል፤ ፓስወርድም አይረሳም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና ባቲን ባዳረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ቅርሶች ተዘርፈዋል። ጋሻና የብራና መጽሐፍ ሁለተኛ ኦሪጅናል የለውም፤ ጠባቂው ቢፈልግም ማባዛት አይችልም። የድምፅ ፋይል ግን በደቂቃዎች ውስጥ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ይባዛል። የሙዚየም ሰው የሚመኘውን ዕድል በነፃ አግኝቶ አለመጠቀም የእኛ ሙያ ልዩ ጸጋ ነው።

ከሁሉ የሚያምረው መከራከሪያ የባህል ልብስ የለበሰው ነው፦ አባቶቻችን ያለ ሃርድ ዲስክ ስንቱን ለትውልድ አስተላልፈዋል! እውነት ነው፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ በባቲ ስም እስከዛሬ ይጠራል። ግን ባቲ ቅኝት በአንድ አዝማሪ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ አልቆየም። በማሲንቆውም በክራሩም በዘፋኙም ጉሮሮ፣ ከአገር አገር ተበትኖ ኖሯል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይዞታል። በተጫወቱት ቁጥር ደግሞ ይፈተሻል፤ የተሳሳተውን ጆሮ ያለው አድማጭ ያርመዋል። መንዙማም በደረሳው ሁሉ አፍ ስለተያዘ ነው የዘለቀው። ብዙ ቅጂ፣ የተለያየ ማደሪያ፣ ተደጋጋሚ ፍተሻ፤ የቃል ባህላችን ከፒተር ክሮግ በፊት ደንቡን ይዞት ነበር። በአባቶች ስም የሚምለው አዘጋጅ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። ፍተሻውንማ ጨርሶ አያውቀውም፤ የዛሬ ዓመት የቀዳውን ፋይል ከዚያ ወዲህ ከፍቶ ሰምቶት አያውቅምና፣ መኖሩን የሚያምነው በእምነት ብቻ ነው።

ሊከበር የሚገባው አንድ ተቃውሞ ግን አለ፦ ቅጂ በበዛ ቁጥር ሰሚው ይበዛል፤ ስማቸው እንዳይነገር አደራ ያሉ እንግዶች ቃል ባልታሰበ እጅ ሊገባ ይችላል። መልሱ ግን ቁልፍ ነው። እንደ ቬራክሪፕት ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ሃርድ ዲስኩን በፓስወርድ ይቆልፋሉ። ደግሞስ ለምሥጢር ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው፣ ያው ቃል ያለባትን ያልተቆለፈች ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሰካት በየትኛው ጥንቃቄው ነው?

እንግዲህ ሥርዓታችን ይቀጥል ከተባለ ቢያንስ ሐቀኛ እናድርገው። ማይክሮፎኑ ከመከፈቱ በፊት ለባቲው ሽማግሌ እንዲህ ተብሎ ይነገራቸው፦ «አባቴ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ያጫውቱናል። ከዚያ ሠላሳ ደቂቃውን እናሰማለን፤ የቀረውን በአንዲት ፍላሽ ይዘን እስክትጠፋ እንጠብቃለን። በኋላ ልጆችዎ ድምፅዎን ፈልገው ቢመጡ ቫይረስ በላው እንላቸዋለን። ፈቃድዎ ነው?» ይህን ጮክ ብሎ ሊናገር የማይደፍር አዘጋጅ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ይግዛ፣ ፎልደሩን በቀንና በቁጥር ይሰይም፣ በወር አንድ ጊዜም ቅጂውን ከፍቶ ይስማ። የሚደፍር ካለ ግን ፈቃዱን ሲጠይቅ ይቅረጸው፤ ፍላሿ ላይ ያኑረው።