መንገዱን ተዉት፣ ሰዓቱን አስፉት

«ኮምቦልቻን መንገድ ጠበባት» ለምትሉ ሁሉ መልሴ አጭር ነው፤ የጠበባት ሰዓት ነው። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የቢሮ ሰዉ፣ ገበያተኛው፣ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት የመጣው ተሳቢና ወደ ባቲ የሚታጠፈው አይሱዙ በአንድ አስፋልት ላይ ይፋጠጣሉ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ቁሙ፤ አሮጊት ያለ ደጋፊ ትሻገራለች። በእነዚህ ሁለት ሰዓታት መካከል አስፋልቱ አንዲት ጋት አልሰፋም።

«ታዲያ ይስፋልና!» ይላሉ ባለሱቁ። ጋሼ፣ መንገዱ ሲሰፋ ቀድሞ የሚፈርሰው የእርስዎ በረንዳ ነው። ደንበኛዎም የሚመጣው በእግሩ ነው፤ ስድስት መስመር አቋርጦ ግማሽ ኪሎ ስኳር የሚገዛ ሰው አያገኙም። ደግሞም ማስፋት ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ገንዘብ የተረፋቸው ሞክረው አይተውታል። የአሜሪካዋ ሂውስተን የኬቲን አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2008 አስፍታ ስትጨርስ፣ ከነመጋቢ መንገዶቹ 26 መስመር የደረሰበት ቦታ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የጠዋቱና የማታው ጉዞ እንደገና ረዘመ፤ ሰፊ መንገድ ያየ ሁሉ መኪናውን አስነስቶ መጣ። እኛማ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላ ወገን የቦርከና ወንዝ ይዞናል፤ ሃያ ስድስቱን ለሂውስተን እንተውላት።

«ጥፋቱ የባጃጅ ነው።»

ለዚህ ሜትር ይዤ ነው የምመልሰው። የአንድ ባጃጅ ርዝመት 2.6 ሜትር ገደማ ነው። ተሳቢ የጎተተ ከባድ መኪና ወደ 18 ሜትር ይጠጋል። አንዱ ተሳቢ መንገድ ዳር ሲቆም የስድስት ባጃጅ ቦታ ይዞ ነው፤ ባጃጁ በደቂቃ ይነሳል፣ ተሳቢው ያድራል። ባጃጅ ነጂው ንጹሕ ነው አልልም። ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል፣ መሐል አስፋልት ላይ ይዞራል፣ ሦስት ሰው መጫን ሲገባው አራተኛውን ከጎኑ ያስቀምጣል። ግን መቆሚያውን በቀለም አስምራችሁ፣ ምልክት ተክላችሁ አሳይታችሁት እምቢ ያለው መቼ ነው? ቦታ ያልተሰጠው ሰው ባገኘው ቦታ ይቆማል። መጀመሪያ መቆሚያውን ስጡት፣ ከዚያ ቅጡት፤ ያኔ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ።

«እንግዲያው ሾፌሩን ቅጡልን!» ሾፌሩንም ቀስ በሉት። ከጅቡቲ ተነስቶ ሚሌንና ባቲን አልፎ፣ ያንን ሁሉ ሐሩር ጠጥቶ የመጣ ሰው ነው። ደረቅ ወደብ በር ላይ ተራ ይጠብቃል፣ ፋብሪካ በር ላይ ተራ ይጠብቃል። እሱ ጋቢና ውስጥ ይተኛል፣ ረዳቱ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፎ ይጋደማል። ውኃ፣ ሽንት ቤትና ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ከተማው መግቢያ ላይ ብትሠሩለት፣ ወዶ መንገድ ዳር የሚያድር አንድም አይኖርም። በደሴ በኩል ያለው ነገር ደግሞ ከመጨናነቅም ያልፋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ ያን የወረደ መኪና ፍሬኑ እንደጋለ ነው ልጆች የሚሻገሩበት አስፋልት ላይ የሚደርሰው። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት በፊት፣ ቆሞ የሚበርድበትና የሚፈተሽበት ሜዳ ይሰጠው። ይህን ስል ድምፄን ዝቅ አላደርግም፤ የምናወራው ስለ ልጆች ነው።

«ማለፊያ መንገድ ተሠርቶ ሁሉም በዳር ይለፍ።» ወደ ወልዲያና ወደ መቀሌ ያለፈውን ይለፍልን፣ ደስ ይለኛል። ግን ብረት ለብረታ ብረቱ፣ ጥጥ ለጨርቃ ጨርቁ፣ ብቅል ለቢራው፣ ስንዴ ለዱቄቱ የሚያመጣው መኪና ወዴት ይለፍ? መድረሻው እኛ ነን። ይህ መስቀለኛ መንገድ ገና ድሮ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የአሰብን መንገድ ከዚህ ሲገነጥል ዕጣው ተጽፏል። ፋብሪካው መንገዱን ተከትሎ መጣ፣ ሰዉ ፋብሪካውን ተከትሎ መጣ። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 75 ሄክታር ነበር። እልል ብለን ተቀበልነው፤ እልልታው ይገባው ነበር፤ እንጀራ ነው። ሼዱ ሲታቀድ የሠራተኛዋ መሄጃና መመለሻ አብሮ መታቀድ ነበረበት ስል የሚከፋው ካለ ግን ይክፋው።

«ባቡሩ ሲጀምር ሁሉም ይቀላል።» ይህን ከብዙ ሰው እሰማለሁ፤ ሰዉ ተስፋ ማድረጉም አያስወቅሰውም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2014ቱ የሰሜን ጦርነት ዘረፋና ውድመት ደረሰበት። ሐዲዱን እየተሻገርን ባቡሩን ስንጠብቅ ልጆች ተወልደው ትምህርት ቤት ገብተዋል። ይምጣ! ሲመጣ ግን ኮንቴይነሩን ጣቢያ ያወርዳል እንጂ ፋብሪካ ግቢ አያስገባም። ከጣቢያ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ጣቢያ የሚመላለሰው አጭር የጭነት ጉዞ ያኔ በከተማዋ ሆድ ውስጥ ይበዛል። ጣቢያውን፣ ፓርኩንና ደረቅ ወደቡን የሚያገናኝ የጭነት ብቻ መንገድ ቦታው ዛሬውኑ ካልተከበረ፣ ነገ ቤት ይሠራበታል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቤቱን ልናፈርስ እንሄዳለን።

«ትራፊክ ፖሊስ ይጨመር።» ፊሽካ ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ ይወስናል፤ ሰልፉን አያሳጥርም።

«መብራት ይተከል።» ተሳቢ ከቆመበት ተነስቶ ሦስት መንገድ መገናኛ ላይ ታጥፎ እስኪጨርስ አረንጓዴው ያልቃል።

«እግረኛው ሥርዓት የለውም።»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። የእግረኛውን መንገድ ማን ወሰደው? ብሎኬትና አሸዋ የደፋበት፣ መኪናውን ያቆመበት፣ ሸቀጡን ያወጣበት ሁሉ ወሰደው። ለእግረኛው የቀረው አስፋልቱ ነው፤ አስፋልት ላይ ሲወጣ ደግሞ ይሰደባል። አብዛኛው የዚህ ከተማ ሰው በእግሩ የሚሄድ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ነገር ግን መጨረሻ ላይ በተረፈው ገንዘብ የሚሠራ ሆኗል። ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ከማታ ፈረቃ ስትወጣ ብርሃን ያለው፣ ከመኪና የተለየ፣ ጭቃ ያልዋጠው መሄጃ ይገባታል። እሷ በአስፋልቱ ጠርዝ ስትሄድ መኪናው ይቀንሳል፣ ከኋላው ያለው ይቀንሳል፣ ሰልፉ ይረዝማል። ለእሷ መሄጃ መሥራት ለመኪናውም መንገድ መክፈት ነው። መንገድ ዳር የምትቸረችረዋን እናት ደግሞ በዱላ ከማባረር ከመናኸሪያው ጎን መደብ ስጧት፤ እሷም ገበያ ታገኛለች፣ እኛም መሄጃ እናገኛለን።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነውና። የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። አንዱ አንድ ሰዓት ይግባ፣ ሌላው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሌላው ሁለት ሰዓት። ትምህርት ቤቱና ቢሮው ከማንኛቸውም ጋር አይጋጭ። መውጫውም እንዲሁ ይለያይ። ዓርብ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል የመንግሥት ቢሮ ለጁምዓ ይዘጋል፤ መስጊድ የሚሄደው ሰውና የጭነት መኪናው በዚያች ሰዓት መጋፋት የለባቸውም፤ ለዓርብ የተለየ የጭነት ሰዓት ይውጣ። 60 ሠራተኛ በአንድ አውቶቡስ ይሄዳል፤ ያው 60 ሰው በባጃጅ ሲሄድ 20 ባጃጅ ይፈልጋል። ሰርቪስ ያለው ፋብሪካ ያጠናክር፣ ትንንሾቹ ተዳብለው ይከራዩ፤ የአንዱ ፋብሪካ አውቶቡስ ባዶውን ሲመለስ የሌላውን ሠራተኛ ቢያመጣ ማንም አይከስርም።

«ሰዓት ብናዛባ ምርት ይቀንሳል» ይላል ሥራ አስኪያጁ። አቶ ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኛዎ መንገድ ላይ ተይዛ ማሽኑ ሰው ሲጠብቅ ምርቱ ጨምሮ ያውቃል? ጥሬ ዕቃው በር ላይ ቆሞ የመኪናው ኪራይ ሲቆጠር የሚከፍለው ማን ነው?

«ጭነት በቀጠሮ አይሆንም» የሚል የወደብ ሰው አለ። ይሆናል። በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች ወደቦች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በተጨናነቀው ሰዓት ኮንቴይነር የሚያወጣ ተጨማሪ ክፍያ እንዲከፍል ተደርጎ ብዙ ጭነት ወደ ማታና ወደ ቅዳሜ ዞረ፤ ኋላም ወደ ቀጠሮ ተሻገሩ። የእኛ ሾፌር ስልክ በኪሱ ነው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና» ብሎ አጭር መልእክት መላክ የሚያቅተው መሥሪያ ቤት የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሾፌሩ ያ ጥበቃና ሽንት ቤት ያለው ማቆሚያ ላይ ይረፍ።

«አዲስ አበባ ያልቻለችውን ኮምቦልቻ?» አዎ፣ ኮምቦልቻ! አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ከባድ መኪና ቀን ቀን እንዳይዘዋወር ሰዓት ለይታለች፤ ለዚያች ግዙፍ ከተማ ይህ ራሱ ከባድ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ግን መንገዱን የሚሞሉት በሮች በጣት ይቆጠራሉ፤ የበሮቹ ባለቤቶችም ለቅሶ ቤት የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ ስንማር አንድ ነገር እናስቀድም፤ ማቆሚያ ሳይሠሩ ሰዓት መከልከል ሰልፉን ከመሐል ወደ ዳር ማዛወር ብቻ ነው።

«በጀት የለም።» ለአስፋልት የለ ይሆናል። የፈረቃ ሰዓት መቀየር ደብዳቤና ፊርማ ነው። የባጃጅ መቆሚያ ቀለምና ምልክት ነው። ማቆሚያው ሜዳ ነው፤ ሾፌሩም ለጥበቃው ይከፍላል፣ ዛሬም መንገድ ዳር ለሚጠብቅለት ልጅ እየከፈለ ነው። ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከፓርኩና ከደረቅ ወደቡ በር ይጀመር። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ ነሐሴ ሳያልቅ፣ የከተማው አስተዳደር ሦስቱን ይጥራና አዲሱን የመግቢያና የመውጫ ሰዓት አስፈርሞ በየበሩ ይለጥፍ። ያልፈረመው ማን እንደሆነም ለሕዝቡ ይነገር።