አልቃሻዋ ኡሳጊና የተዘጋብኝ በር

እንባዬ ቅርብ ነው። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ በስሜ ከሚጠራኝ ይልቅ «አልቃሻ» የሚለኝ ይበዛ ነበር። እናቴ እንግዳ ፊት ዓይኔ ውሃ ሲያቀር ካየች በግንባሯ ወደ ጓዳ ትጠቅሰኛለች። ገብቼ ከዱቄቱ ጆንያ ጎን እቀመጥና ድምፄን ውጬ አለቅሳለሁ። ድምፅ ሳያሰሙ ማልቀስ የተማርኩት እዚያ ነው። በሕይወቴ ከተማርኩት ሁሉ ባልተማርኩት የምለው እሱን ነው።

ቶኪዮ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የምኖረው ሐበሻ በርከት ብሎ በሚገኝበት በካቱሺካ ወረዳ፣ ከአንዲት ያገሬ ልጅ ጋር ቤት ተጋርቼ ነው። ቋንቋው አልገፋ ብሎኝ ሳማርር የሰማች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ልጄ አድጋ ትታዋለች፤ ምናልባት ይጠቅምሽ» ብላ ዲቪዲ ሰጠችኝ። «ሴለር ሙን» የሚባል የጃፓን ካርቱን ነበር። ያለ ምንም የግርጌ ጽሑፍ፣ በጃፓንኛው ብቻ።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ምሽት አብራኝ የምትኖረው ልጅ ለሌሊት ፈረቃ ወጣች። እኔ ሻይ አፍልቼ፣ ጋቢ ደርቤ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ከፈትኩ።

ታሪኩ የሚጀምረው ትምህርት ቤት በረፈደባት ልጅ ነው። ኡሳጊ ጹኪኖ ትባላለች፤ 14 ዓመቷ ነው። እንቅልፍ ትወዳለች፣ ትወድቃለች፣ ትጮሃለች። እየሮጠች ሳለ ልጆች አንዲት ጥቁር ድመት ሲያሠቃዩ ታያለች። የረፈደባት ልጅ ቆመች! ልጆቹን አባርራ ድመቷን አነሣቻት። ግንባሯ ላይ ፕላስተር ተለጥፎባት ነበር፤ ኡሳጊ ቀስ ብላ ላጠችላት። ከሥሩ ማጭድ መሳይ የጨረቃ ምልክት ወጣ። እዚህ ላይ አቁሜ ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። የልጅቷ ምትሃት ገና አልመጣም፣ ማን እንደሆነችም አታውቅም። ደራሲዎቹ ግን ከሁሉ አስቀድመው ያሳዩን ያንን ፕላስተር ስትልጥ ነው።

ከዚያ የእንግሊዝኛ ፈተናዋ ተመለሰ። 30 አገኘች። ወረቀቱን ጨምድዳ ወደ ኋላ ስትወረውረው የአንድ መንገደኛ ወጣት ጭንቅላት ላይ አረፈ። ቤቷ ስትደርስ እናቷ ውጤቱን አይታ ወደ ውጭ አስወጥታ በሩን ዘጋችባት። ኡሳጊ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ቃላቱ ሁሉ አልገቡኝም፤ 30 የሚለው ቁጥርና የበሩ ድምፅ ግን ገብተውኛል። እኔም ታኅሣሥ ላይ የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ተፈትኜ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነበር። ኤን 4 የሚባለው ደረጃ ነው፤ ከ180 ለማለፍ 90 ያስፈልጋል። ያን ቀን የፖስታ ሣጥኑን አለማየቴ ትዝ አለኝ። ካርቱኑን ሳላቆም፣ በነጠላ ጫማ፣ ጋቢዬን እንደደረብኩ ደረጃውን ወረድኩ።

የሕንፃችን የፖስታ ሣጥኖች የተደረደሩት ከዋናው በር ውጭ ነው። በሩ ደግሞ ከኋላ ራሱን ይቆልፋል። ጠቅ ሲል ነው ባዶ እጄን መሆኔን ያወቅኩት። ቁልፉም ስልኩም ፎቅ ላይ ቀርተዋል።

ደብዳቤው ግን ሣጥኑ ውስጥ ነበር። በመንገድ መብራት አነበብኩት። 71። አላለፍኩም።

ቀና ስል ከሁለተኛው ፎቅ መስኮታችን የቴሌቪዥኑ ብርሃን ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ እየሆነ ይለዋወጣል። ኡሳጊ ያለ እኔ ወደ ፊት ሄዳለች። ብርዱ እግሬን ይቆረጥመኛል። ሆድ ባሰኝ። መጀመሪያ እንደ ልማዴ ድምፄን ውጬ አለቀስኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እንጃ፤ ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም። በኋላ ግን ደረቴ አልችል አለና፣ ከጓዳው ዘመን ጀምሮ የታፈነው ሁሉ የወጣ ይመስል፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ያኔ ነው ምድር ቤት ያለው መስኮት የተከፈተው። ለሦስት ዓመት አንገት ዝቅ አድርገን ሰላም ከመባባል ያላለፍን አሮጊት ጎረቤቴ ናቸው። «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። በሩን አሳየኋቸው፣ ወደ ላይ ጠቆምኩ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ወዲያው ከውስጥ መጥተው ከፈቱልኝ። እጄን ይዘው እስከ ላይ አደረሱኝ።

የቤቴን በር ገርበብ አድርጌ ነበር የወረድኩት። ስንገባ ክፍሉ አልቆ የመግቢያው ዘፈን እየተደጋገመ ነው። እማማ ጫማቸውን አውልቀው መሃል ቤት ቆሙ። «ይህንን የኔ ልጅ ታየው ነበር» አሉ። ቅዳሜ ማታ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ሲሆን እራት ቀርቦ እንኳ ልጃቸው ከቴሌቪዥኑ ፊት አትነሣም ነበር አሉኝ። የመጀመሪያው ክፍል በቲቪ አሳሂ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1992 ነው፤ በእኛ የካቲት 28 ቀን 1984 ዓ.ም.። እስከ እ.ኤ.አ. 1997 ድረስ 200 ክፍሎች ሆነ። የአንዲት ልጅ ልጅነት በሙሉ ማለት ነው።

ሻዩን አሞቅኩና ከመጀመሪያው አብረን አየነው። የማይገባኝን ቃል እማማ ዘርዘር አድርገው፣ በእጃቸውም እያሳዩ ያስረዱኝ ነበር። ጹኪኖ ኡሳጊ ማለት «የጨረቃ ጥንቸል» ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ጃፓኖች ሙሉ ጨረቃ ላይ የሩዝ ኬክ የምትወቅጥ ጥንቸል ይታየናል ይላሉ፤ የካርቱኑ መነሻ የሆነው ኮሚክ ደራሲ ናኦኮ ታኬኡቺ ስሙን ከዚያ አውጥታለች። የክፍሉ ርዕስ ውስጥ ያለውን «ናኪሙሺ» የሚለውንም ቃል ጠየቅኳቸው። እማማ በጣታቸው ከዓይናቸው ወደ ጉንጫቸው መስመር አሰመሩ። አልቃሻ! በሰው አገር ቋንቋ የልጅነት ስሜን አገኘሁት።

ጃፓን ባለ ምትሃት ልጃገረዶችን በቴሌቪዥን ማየት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1966 ከጠንቋይዋ ሳሊ ጋር ነው። ሳሊ ከምትሃት አገር የመጣች ልዕልት ነበረች፤ ኃይሉ አብሯት የተወለደ ነው። ኡሳጊ ግን አልጋዋ ላይ ድመቷ መጥታ አፍ አውጥታ ስታናግራት ሕልም መሰላት። ሉና የምትባለው ድመት የደረት ጌጥ ሰጠቻት፤ የተነገራትን ቃል ብትል መላ ልብሷ ተለወጠ። ገና ግራ ተጋብታ ሳለች በፀጉሯ ላይ ካሉት ቀይ ጌጦች የጓደኛዋ የናሩ የድረሱልኝ ጩኸት ተሰማት። የናሩ እናት ጌጣ ጌጥ መደብር አላቸው፤ ሞርጋ የተባለች ጭራቅ የእርሳቸውን መልክ ለብሳ በቅናሽ በምትሸጠው ጌጥ የሴቶቹን ጉልበት ትመጥ ነበር።

ኡሳጊ ደረሰች። ደርሳም ጀግና አልሆነችም። ፈራች፣ ወደቀች፣ ቁስሏን አየችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የድምፅ ተዋናይቷ ኮቶኖ ሚትሱኢሺ ያንን ልቅሶ አላሳመረችውም፤ ጉሮሮ የሚሰነጥቅ የእውነት የልጅ ልቅሶ ነው። ልቅሶው በፀጉሯ ጌጦች በኩል አልፎ ጆሮ የማይችለው ማዕበል ሆነ፤ የከበቧት ሁሉ ጆሯቸውን ይዘው ተንበረከኩ። ዘውዷን ወርውራ ሞርጋን አመድ ያደረገቻት ከዚህ በኋላ ነው።

እኔ እዚህ ላይ መናገር አቃተኝ። በፊት የማውቃቸው ታሪኮች ውስጥ አልቃሻ ልጅ ጀግና የምትሆነው እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ነው። ዳይሬክተሩ ጁኒቺ ሳቶ ግን ኡሳጊን ዝም በይ አላላትም። ወደ ጓዳ አልላካትም። የጓደኛዋን ጩኸት የሰማችበትና የራሷ ልቅሶ ወጥቶ ያዳናት በዚያው በአንዱ ጌጥ ነው። ይህንን የሠሩ ሰዎች አንዲት የምታለቅስ ልጅ በቅርብ ያዩና የወደዱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እማማ ዓይኔን አይተው ምንም አላሉም። ጨምድጄ ጠረጴዛው ላይ የጣልኩትን ደብዳቤ አነሡና ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ያስተካክሉት ጀመር። እንባ የነካው ጠርዝ ተጣጥፎ ነበር፤ በጥፍራቸው ቀስ እያሉ ገለጡት። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡ። ከላይ ያለውን 71 ዘለሉት። ጣታቸውን ከታች፣ ማዳመጥ በሚለው ላይ አቆሙ። ከ60 38።

«ጆሮሽ ጥሩ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው ሁለተኛው ክፍል አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። ጋቢዬን አጋራኋቸውና ከፈትኩት።