ከሜሪላንድ የመጣችው ሳጥን

ቦታው ጉለሌ፣ የጋሽ ደምሴ ሳሎን ነው። ጋሽ ደምሴ ከቴሌ በጡረታ የወጡ የመስመር ሠራተኛ ሲሆኑ ሽቦ የሚፈራ ሰው አይወዱም። ቡፌው ላይ ጥቁር ሳንሱይ አምፕሊፋየር አለ፤ አናቱ ላይ እትዬ አስካለ የሠሩት ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ልጃቸው ሙዚቃ ከኢንተርኔት እየሳበች የምታጫውት መዳፍ የምታህል ሳጥን በሰው ልኮላቸዋል። ቢኒ የሰፈሩ ሞባይል ሠሪ ነው፤ የተጠራውም ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። (ባለሙያ ቀድሞ የሚጠራበት ቤት እስካሁን አልገጠመኝም።)

ቢኒ፦ ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ጩኸቱ ሱቄ ድረስ መጣ እኮ!

ጋሽ ደምሴ፦ ምንም አልሆንን። ቀዩን በቀዩ፣ ነጩን በነጩ ሰካሁ። ስከፍተው አገር ይያዝልኝ አለ።

እትዬ አስካለ፦ እኔማ የመንገዱ ትራንስፎርመር የፈነዳ መስሎኝ እንጀራዬን ምጣድ ላይ ጥዬ ወጣሁ።

ቢኒ፦ (በስልኩ መብራት ከቡፌው ጀርባ እያየ) ፎኖ ላይ ነዋ የሰኩት!

ጋሽ ደምሴ፦ ታዲያስ? ስንት ዘመን ሸክላ የሰማሁበት ቀዳዳ ነው።

ቢኒ፦ ጣጣው እሱ ነው። የሸክላ መርፌ የምታወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ፎኖው ያቺኑ አጉልቶ፣ ባስ ጨምሮባት ያሳልፋል። ይቺ ሳጥን ግን ከቤቷ 2 ቮልት ይዛ ነው የምትመጣው።

ጋሽ ደምሴ፦ አራት መቶ እጥፍ።

ቢኒ፦ (ቀና ብሎ) እ... አዎ።

ጋሽ ደምሴ፦ ምን ታፈጣለህ? ቴሌ የኖርኩት ሻይ ሳመላልስ መሰለህ?

ቢኒ፦ ኧረ ጋሼ! በሉ ኦክስ ላይ ትሰካ። ኦክስ ባይኖር ቱነር ወይም የቴፑ መግቢያ ይሆናል። ከፎኖ በቀር ሁሉም ይቀበላታል።

እትዬ አስካለ፦ ቆይ፣ ቮልቱን አይተሃል? ባለፈው የላከልኝ የቡና መፍጫ 110 ነበር፤ አንዴ ዞሮ ጨሰ።

ቢኒ፦ የዚች ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ይላል፤ አይዞዎት። ዳንቴሉ ግን ይነሳ።

እትዬ አስካለ፦ ዳንቴሉ ደግሞ ምን በደለ?

ቢኒ፦ አምፑ የሚተነፍሰው በአናቱ ነው፤ ይግላል።

እትዬ አስካለ፦ ይህን ሁሉ ዓመት ለብሶት ኖሮ ዛሬ ታፈነ?

(ዳንቴሉ ተነሳ። በቀዳዳዎቹ የገባው አቧራ የአምፑ ክዳን ላይ አበባውን ከነቅጠሉ አትሞታል። እትዬ አስካለ ጥለታቸውን ቆመው አደነቁ።)

ጋሽ ደምሴ፦ ይቺ ጫፏ ላይ መስታወት ያላት ገመድስ?

ቢኒ፦ በብርሃን የምትሠራ ናት፤ ዲጂታል መግቢያ ላለው አምፕ። ሳንሱይ አያውቃትም። አሁን ስልክዎን ያምጡ፣ አፑን እንጫን።

ጋሽ ደምሴ፦ (ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው) ያሉበትን ቦታ ልወቅ ይለኛል። ሳሎኔ ነኝ፣ አይታየውም?

ቢኒ፦ ፍቀድ ይበሉት። ብሉቱዝም ፍቀድ። ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ዕቃዎች ልይም ይላል፣ ፍቀድ። ከዚያ በስምምነቱ እስማማለሁ ይበሉ።

ጋሽ ደምሴ፦ ሳላነብ?

ቢኒ፦ ያነበበ ሰው አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ፦ ሳንሱይን ስገዛ የፈረምኩት ደረሰኝ ላይ ብቻ ነው። ቤት ሳስገባው ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቀኝም።

ቢኒ፦ አሁን ደግሞ ሶፍትዌሯ ይታደስ እያለች ነው።

እትዬ አስካለ፦ ትናንት ከካርቶን የወጣች ልጅ ምኗ ይታደሳል?

(ታደሰች። አቦል ሲጠጣ 30 በመቶ፣ ቶና ላይ 70 በመቶ፣ በረካ ሲቀዳ አለቀች። ማህሙድ አህመድ ሳሎኑን ሞላው።)

ጋሽ ደምሴ፦ ይሄ እኮ ሸክላዬ ነው! እዚያ ቡፌ ውስጥ አለ!

ቢኒ፦ ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» እየተባለ በሲዲ ከወጡት ውስጥ ነው። አሁን ኢንተርኔት ላይም አለ።

ጋሽ ደምሴ፦ ስለዚህ ሸክላው እኔ ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዘፈኑ ፓሪስ ደርሶ ተመልሶ፣ ልጄ ደግሞ በየወሩ ኪራይ ይከፍልበታል?

ቢኒ፦ እንደሱ ነው... የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ይልቀቁትና መጨመር መቀነሱን በሳንሱይ ያድርጉት።

ጋሽ ደምሴ፦ (ትልቁን ቁልፍ በሁለት ጣት እያዞሩ) እሰይ፣ ይቺ እንኳ ለእኔ ቀረች። ስልክ ቢደወልስ ይቋረጣል?

ቢኒ፦ በብሉቱዝ ቢሆን ይቋረጥ ነበር። ይቺ ግን ከዋይፋዩ ራሷ ነው የምትስበው፤ ስልኩ ሪሞት ብቻ ነው። የሚያቋርጣት የለም።

(ልክ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዘፈኑ መሀል ላይ ቀጥ አለ።)

ጋሽ ደምሴ፦ መብራት ሄደ!

እትዬ አስካለ፦ የለም፣ መብራቱስ አለ።

ቢኒ፦ (ስልኩን ተቀብሎ) «በሌላ መሣሪያ እየተጫወተ ነው» ይላል። አካውንቱ የማነው?

ጋሽ ደምሴ፦ የልጁ ነዋ።

ቢኒ፦ በቃ፣ አንድ አካውንት ባንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያጫውተው። እዚያ አሁን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ መኪናው ውስጥ ከፍቶ ይሆናል።

እትዬ አስካለ፦ ተነስቷል ማለት ነዋ! ሥራ እየሄደ ነው! ተመስገን።

ጋሽ ደምሴ፦ የእኔን ዘፈን ቆርጦ ነው ተመስገን? መልስልኝ ቢኒ።

ቢኒ፦ እኛ ከነካነው እሱ ጋ ይቆማል።

ጋሽ ደምሴ፦ ይቁማ!

(ነኩት። ማህሙድ ካቆመበት ቀጠለ። ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።)

ቢኒ፦ ልጅዎ ነው።

እትዬ አስካለ፦ ከፋሲካ ወዲህ በደወልን ቁጥር ስብሰባ ላይ ነኝ ሲል የከረመው? ዛሬ ራሱ ደወለ?

ጋሽ ደምሴ፦ ሄሎ... አዎ፣ እኔ ነኝ ያቆምኩብህ... የለም፣ በስህተት አይደለም።

እትዬ አስካለ፦ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ይጠየቅልኝ!

ጋሽ ደምሴ፦ ቁርስ በልተሃል ወይ ትላለች እናትህ... አልበላህም? እንግዲያው አንድ ነገር ቅመስና ደውል፤ ያን ጊዜ እንለቅልሃለን።